የሚስ ኢስሜይ ሞትና የኔ ዝምታ

ቅዳሜ፣ ማርች 4

ዝናብ ከጠፋ ስድስት ሳምንት። የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቼ በዱላ ለካሁ... ከጉልበት አያልፍም። እስከ ፋሲካ ካልዘነበ ከሂልስቦሮ ከተማ በቦቴ ማስመጣት ሊኖርብኝ ነው።

የግራ ጉልበቴ ዛሬም አላስቀመጠኝም። ለነገ በቤተ ክርስቲያን የማነበውን ክፍል ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ተለማመድኩ። ሚስቴ ሙሪየል በሕይወት ብትኖር «ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለድምፅህ?» ትለኝ ነበር።

ከቀትር በኋላ ኬልሰን መጣ። ጀልባውን አሸዋው ላይ እንዳወጣ በቀጥታ ወደኔ። ግማሽ ባራኩዳ ዓሣ ይዟል፣ ግማሹ ብቻ ክንዴን ያህላል። «ቲቸር፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ደግሞ ላብላዎት» ብሎ ሳቀ። ሦስተኛ ክፍልን ሁለቴ የደገመ ልጅ! አሁን የራሱ ጀልባ አለው። ከየት እንዳጠመደው ጠየቅኩት። ከምሥራቁ ቋጥኝ ነው አለኝ፣ ባሕሩ ውስጥ ካለው።

ለሁለት ከፈልኩት። ትልቁን ለጎረቤቴ ለሚስ ኢስሜይ ወሰድኩላት። ደስ አላት። የምትንከባከባት ካምላ አልነበረችም፤ ቅዳሜ ከሰዓት የዕረፍት ጊዜዋ ነው። «ነርሷ ጥብስ ከልክላኛለች። ካምላ ካየችብኝ ደግሞ አለቀልኝ። እንዳትነግራት፣ ኤግበርት!» አለችኝ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ እንደ ልጅ ዓይኗን እየጠቀሰች። መጥበሻውን ስታወርድ ትቻት ወጣሁ።

የኔን ድርሻ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ ዓሣ አላሰኘኝም። ዳቦ በአይብ በላሁ።

እሑድ፣ ማርች 5

ሚስ ኢስሜይ ሞተች።

ገና ጎህ ሲቀድ ካምላ በሬን ደበደበች። «ቲቸር፣ እባክዎ ይድረሱልኝ፤ ሚስ ኢስሜይን ሲያስመልሳቸው ነው ያደረው።» ሄድኩ። አልጋው ላይ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ከንፈሬ ላይ ጉንዳን እየሄደብኝ ነው» ትላለች ደጋግማ። እጇን ያዝኩት። አየችኝ። ልትናገር ፈለገች መሰለኝ... ዓይኗን ጨፈነች።

ካምላን ምን እንደበላች ጠየቅኳት። እኔ ነኝ የጠየቅኳት። «ለምሳ ዶሮና ሩዝ ሠርቼላቸው ወጣሁ። ሌላ ምንም። ስመለስ ሆዳቸውን ይዘው አገኘኋቸው፤ እናቴ የምታፈላውን ዓይነት የቅጠል ሻይ አፈላሁላቸው፣ እሱም አልረጋላቸው አለ።»

ነርሷ መኪና ይዛ መጣች። እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ተራዬ ነበር። አነበብኩ። ሰው ሁሉ ድምፄን አመሰገነልኝ። ስንወጣ ኮንስታብል ፒቮት በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ሂልስቦሮ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው አለ።

ሰኞ፣ ማርች 6

ዓሣው ይሆን?... አይሆንም። ኬልሰን ዓሣ ያውቃል። ሰባ ዘጠኝ ዓመት፣ ግፊት፣ የደከመ ልብ። ሰው ይሞታል።

ማክሰኞ፣ ማርች 7

ለነገ የተባለው ቀብር ቀረ። ሐኪሙ «የሞተችበትን አላውቅም፣ አልፈርምም» አለ። አስከሬኑ ዛሬ በመርከብ ወደ ዋናው ደሴት ሄደ፣ ይመረመራል።

ኮንስታብል ፒቮት እየዞረ ሲጠይቅ ዋለ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ። አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬም ፊቴ ሲቆም እጁን ኋላው ያደርጋል።

«ቅዳሜ ዕለት እዚያ ቤት እንግዳ ሲገባ አይተዋል፣ ቲቸር?»

«አላየሁም።»

እውነት ነው። እንግዳ አላየሁም።

«ካልተቸገሩ ስምዎን ለጁሪ ላስይዝ። ተቀምጠው የሚሰሙና ብይን የሚሰጡ አምስት የተከበሩ ሰዎች ከመንደሩ ምረጥ ተብያለሁ። ኮሮነሯ ራሷ ትመጣለች።»

«ምን ጉዳይ አላት እሷ? ወንጀል አለ እንዴ?»

«ክስም የለ፣ ተከሳሽም የለ። ድንገተኛ ሞት ሲሆን ማን ሞተ፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለውን የምታጣራ ዳኛ ናት። አራት ጥያቄ ነው ያላት።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐሙስ፣ ማርች 9

ክብሪት ልገዛ ታንቲ ሜርል ሱቅ ሄድኩ። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ሌላ ወሬ የላቸውም። ጉያናዊቷ አሮጊቷን በሻይ ጨረሰቻት። ቤቱን ልትወርስ ነበር። አይ፣ ጥንቆላ ነው፣ አገራቸው እንዲህ ነው...

«ሦስት ዓመት ያጠበቻት፣ ያበላቻት እሷ አይደለችም እንዴ?» አለች ታንቲ ሜርል።

«ታዲያስ! በሬም ሲቀለብ ደስ ይለዋል» አለ አንዱ። ሳቁ።

ሌላው የሩም አረቄ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳና «ይቺን ካምላ አልነካቻትም አይደል?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ሳቅኩ።

ቀና ስል ካምላ ደጃፉ ላይ ቆማለች፣ ባዶ ዘንቢል ይዛ። ምንም ሳትገዛ ተመለሰች። ሳቄን አይታ ይሆን?

ሰኞ፣ ማርች 13

መጥሪያው መጣ። ማኅተም አለው። ፖሊስ የካምላን ፓስፖርት ወስዷል አሉ።

ዓርብ፣ ማርች 17

ችሎቱ የተቀመጠው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። በዚያው እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ባስተማርኩበት ክፍል። ለአምስታችን የተሰጠን ወንበር የተማሪ ነው፣ ጉልበቴ አልገባ አለ።

ኮሮነሯ ሚስስ ሆስተን ይሏታል። አጠር ያለች፣ የሃምሳ ዓመት ግድም ሴት። የራሷን ትራስ ይዛ መጣች፣ ወንበሩ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እንደ ዳኛ አታጓራም። መጀመሪያ የሟችን ሙሉ ስም ጠራች፣ ኢስሜይ ቪክቶሪን ቤዶ፣ ሁላችንም አንድ ደቂቃ እንድንቆምላት አደረገች። ሙሉ ስሟን ከሰማሁ ስንት ዓመቴ!

ከዚያ ጁሪዎቹን አስማለችን። «ከመካከላችሁ የሟች ዘመድ፣ ወይም ስለ ሟቿ የመጨረሻ ቀን የሚያውቀው ነገር ያለው ካለ አሁን ይናገር» አለች። መጽሐፍ ቅዱሱ እጄ ላይ ነበር። ከኔ በፊት ያሉት ሁለቱ «የለም» አሉ።

«የለም» አልኩ።

ካምላን ስትጠራት አዳራሹ አጉረመረመ። ኮሮነሯ እጇን ብቻ አነሳች። «ተከሳሽ አይደለሽም፣ ልጄ። ተቀመጪ። ውሃ ልስጥሽ?» አለቻት። ካምላ የተቀደደ መሐረብ በጣቷ እየጠቀለለች ሁሉንም ተናገረች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ሌሊት ቀዝቃዛ ውሃ ስሰጣቸው አቃጠልሽኝ ብለው ጮኹ። ከፍሪጅ ያወጣሁትን ውሃ። እጄን ከትቼ አየሁት፣ በረዶ ነው። እሳቸው ግን ፈላ ይላሉ።»

ከኋላ ሳቅ። «ቀዝቃዛ ውሃ የሚያቃጥለው የት አገር ነው?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

ሽማግሌዎቹ ዓሣ አጥማጆች አልሳቁም። ኮሮነሯም ብዕሯን አስቀመጠች።

«እስኪ ድገሚልኝ።»

ደገመችላት።

«ዓሣ በልታ ነበር?»

«የለም፣ እመቤቴ። ቤት ውስጥ ዓሣ አልነበረም። እኔ አልሠራሁም።»

ኮሮነሯ ወደ አዳራሹ ዞረች። «ለሟች ዓሣ የሰጠ፣ የሸጠ፣ ወይም ሲሰጣት ያየ ከዚህ ውስጥ አለ? ማንንም አልከስም። ልጠይቅ ብቻ ነው የመጣሁት።»

የጣሪያው ቬንቲሌተር ሲንቋቋ ይሰማል። እጄን አየሁ። ጥፍሬ ሥር ቾክ ያለ መሰለኝ... ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ!

የሐኪሙ ደብዳቤ ተነበበ። ልቧ ቀስ ቀስ እያለ ነው የቆመው። የተባይ መርዝ አልተገኘም። ከዚያ በላይ አይታወቅም።

«አንድ ያልተመለሰልኝ ጥያቄ አለ» አለች ኮሮነሯ ወረቀቷን እየሰበሰበች። «እሱ ሳይመለስ መዝገብ አልዘጋም። ኤፕሪል አራት እመለሳለሁ።»

ስትወጣ አጠገቤ ቆመችና ጉልበቴን አየች። «በሚቀጥለው ጊዜ ትልቅ ወንበር እንዲያመጡልዎ አዛለሁ» አለችኝ።

ዓርብ፣ ማርች 24

ኬልሰን መጣ። ሳይቀመጥ፣ በረንዳው ላይ እንደቆመ።

«ቲቸር፣ ያን ባራኩዳ በሉት?»

«በላሁት።»

«ምንም አልሆኑም?»

«ምን እሆናለሁ?»

«ተመስገን!» አለ፣ ደረቱን ይዞ። «ከዚያ ችሎት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የኔን ግማሽ እኮ አልቀመስኩትም፣ ለሎብስተር ወጥመድ ማባበያ ነው ያደረግኩት። ሽማግሌዎቹ ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ የምሥራቁ ቋጥኝ ተበክሏል ይላሉ። እርስዎ በልተው ደህና ከሆኑ ንጹህ ነው ማለት ነው። ለስቅለት ሦስት ጀልባ ሆነን እዚያው እንወርዳለን። መንደሩን በሙሉ ዓሣ እናጠግበዋለን!»

እያፏጨ ሄደ።

ምን አደረግኩ?

ቅዳሜ፣ ማርች 25

ሚስ ኢስሜይን ዛሬ ቀበርናት። አስከሬኗ ሐሙስ ነው የተመለሰው። መርከበኛ ልጇ አዶልፈስ ውቅያኖስ መሃል ነው፣ አልደረሰም። ካምላን ሴቶቹ ወደ መቃብሩ አላስጠጓትም፤ ከአጥሩ ውጪ ቆማ አለቀሰች።

የቀብሩን ንባብ እኔ አነበብኩ። ቄሱ «ከአንተ በላይ የሚቀርባት የለም» አለኝ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አንዲት ጊዜ እንኳ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ማክሰኞ፣ ማርች 28

ማለዳ ዓሣውን ከፍሪዘር አወጣሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በከረጢት አድርጌ ወደ ወደቡ ሄድኩ። ባሕሩ ላይ ልጥለው። ከተጣለ አለቀ፣ ዓሣ የሚባል ነገር የለም።

መድረኩ ጫፍ ላይ ካምላ ተቀምጣለች። የጠዋቱን መርከብ እያየች ነው፣ ልትሳፈርበት የማትችለውን። ልመለስ ስል አየችኝ። ተነሳች። ተነሳችልኝ!

«እንዴት አደሩ፣ ቲቸር? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ይሻለዋል።»

«አይሻለውም፣ እያነከሱ ነው እኮ። ይስጡኝ» ብላ ከረጢቱን ከእጄ ወሰደችው። አልሰጥም ማለት አቃተኝ። እስከ ቤቴ፣ ዳገቱን ሁሉ፣ እሷ ተሸከመችልኝ።

«ከባድ ነው። ደግሞ ይቀዘቅዛል። ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው። ለጉልበቴ።»

መንገድ ላይ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። ሁለት ናቸው፣ እናቷ ዘንድ፣ ጉያና ውስጥ ቤርቢስ። ትልቋ በስልክ «ሰው ገድለሻል ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠይቃታለች። እዚያም ደርሷል ወሬው። «ምን አልሻት?» አልኳት። «ኮሮነር የምትባል ሴት እያጣራች ነው፣ ትንሽ ጠብቂ አልኳት።»

በሬ ላይ ከረጢቱን አስረከበችኝ። ዓሣው ተመልሶ ፍሪዘር ገባ።

ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። አመሰገንኳት እኮ። «አመሰግናለሁ ካምላ፣ ተባረኪ» አልኳት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 2

ሆሳዕና። ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ ንባቡን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ጉሮሮዬ ደህና ነው።

ኬልሰን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሦስቱም ጀልባዎች ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እንደሚወጡ ነገረኝ። «ለእርስዎ ትልቁን አመጣለሁ» አለ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 3

እዚህ እንኳ አልጻፍኩትም። ለራሴ በምጽፍበት፣ ማንም በማያየው። ልጻፈው።

ኬልሰን «ከምሥራቁ ቋጥኝ» ሲል ፈራሁ። ያን ቀን ነው የፈራሁት፣ ኋላ አይደለም። ዓሣውን ስቆርጥ አንዲት ቁራጭ የግንቡ ጠርዝ ላይ አደረግኩ፣ አባቴ እንደሚያደርገው፣ ጉንዳን ይነካው እንደሆነ ለማየት፤ መርዝ ያለበትን አይነካም ይላሉ። አልነካውም። ዞሮ አለፈ። ይህ ማስረጃ ነው? የድሮ ሰው እምነት ነው ማለት ይቻላል። ግን አየሁ። አይቼ ነው የወሰድኩላት።

ከዚያ በላይ ዛሬ አልችልም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 4

ዓሣውን የበረዶ ሣጥን ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ትልቅ ወንበር አስመጥታልኛለች። አልተቀመጥኩበትም።

ኮሮነሯ ገና ትራሷን ሳታስተካክል «እመቤቴ፣ መናገር እፈልጋለሁ» አልኩ። ሣጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ይህ፣ ሚስተር ላቪል?»

«ለሚስ ኢስሜይ የሰጠኋት ዓሣ ነው። ቀሪው።»

ኮንስታብል ፒቮት አፉን ከፍቶ ቀረ። ኮሮነሯ አልደነገጠችም፣ አልጮኸችም። ክዳኑን አነሳች፣ አየች፣ መልሳ ገጠመችው።

«ከጁሪነት አሰናብቼዎታለሁ። አሁን ምስክር ነዎት። መጽሐፉን ያንሱ።»

ያው መጽሐፍ ነው።

«መቼ ሰጧት?»

«ሳትሞት በዋዜማው። ከቀትር በኋላ።»

«ሌላ ያየ አለ?»

«የለም። እንዳልናገር ነግራኝ ነበር፣ ጥብስ ስለተከለከለች። ካምላ ምንም አታውቅም።»

«ባለፈው ስጠይቅ እዚያ ተቀምጠው ነበር?»

«ነበርኩ።»

«ሰምተውኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ ከዓሣው በልተዋል?»

«አልበላሁም።»

«ለምን?»

ኬልሰን ከኋላ ተነስቶ ቆሟል። «በላሁት ብለውኝ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ እንደ ልጅ ተሰነጠቀ። ሳቁን እንጂ ለቅሶውን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ፈርቼ» አልኩ።

ብዕሯ ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ጠበቅኩ፣ ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን፦ ከፈሩ ለምን ሰጧት? ኬልሰን ግን «ነገ ጠዋት ሦስት ጀልባ እዚያ ሊወርድ ነው!» እያለ ወደ ፊት መጣ፣ እሷም ወደሱ ዞረች። ስለ ቋጥኙ፣ ስለ ጀልባዎቹ ጠየቀችው። ኮንስታብሉን ከዚያ የተጠመደ ዓሣ እንዳይሸጥ እንዲያስጠነቅቅ አዘዘችው። የሞተው ይጠብቃል፣ ያሉት ይቀድማሉ አለች። ዓሣው ለምርመራ ሌላ ደሴት ወዳለ ላቦራቶሪ ይሄዳል።

ስለ ሐሰተኛ መሐላዬ ለሚመለከተው ክፍል እንደምታሳውቅም ነገረችኝ። በለሰለሰ ድምፅ ነው የነገረችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ውጪ ካምላ ማንጎው ሥር ቆማ ነበር። ሄድኩ። «ካምላ፣ ይቅርታ... ዓሣው እንዲህ ያደርጋል ብዬ...»

«ዓሣውን አይደለም» አለችኝ። «ዓሣ ማንም ይሰጣል። አንተ ግን ሠላሳ ቀን ሙሉ በደጅህ ሳልፍ "እንዴት አደርሽ ካምላ" ስትለኝ ነበር።»

አንተ አለችኝ። በሦስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ከ«እርስዎ» ወርዳ አታውቅም። ሳትጮህ፣ ሳትሳደብ፣ እንዲሁ «አንተ»።

«ያን ቀን ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?»

ጠይቃ ሳትጨርስ ገባት። እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ሁለቴ፣ እና ሄደች።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 7

ስቅለት። ልጆች ኮረብታው ላይ የወረቀት ካይት ያበርራሉ። መንደሩ ዘንድሮ ከታሸገ ሳርዲን ጋር ነው የዋለው። ኬልሰን ቤቴን ሲያልፍ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞራል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 20

ለቄሱ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ከእንግዲህ አላነብም ብዬ። «ሰው ይረሳዋል፣ ትንሽ ይቆይ» አለኝ። አልፈልግም አልኩት።

ዓርብ፣ ሜይ 12

ውጤቱ መጣ። የቋጥኝ ዓሣ መርዝ፣ ቀዝቃዛውን የሚያቃጥል የሚያስመስለው። ምግብ ማብሰል አያጠፋውም፣ በረዶም አያጠፋውም። ጤነኛ ሰው ያሠቃየዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድለውም፤ የሷን ደካማ ልብ ግን አቆመው።

እንደ ማንኛውም ሰው ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ብይኑ በአጋጣሚ የደረሰ ሞት ነው። ኮሮነሯ ካምላን አስነስታ «በሟች ሞት ውስጥ የዚህች ሴት እጅ የለበትም። እስከ መጨረሻው የተንከባከበቻት እሷ ናት» ብላ በመዝገብ አስጻፈች፣ ሁላችንም እንድንሰማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በዓሣ ገበያው ስለ ምሥራቁ ቋጥኝ ማስታወቂያ እንዲለጠፍም ጠየቀች። ስለ እኔ ማንነት ምንም አላለችም። ይህ ችሎት ጥፋተኛ አይፈርጅም አለች።

ፓስፖርቷን እዚያው መለሱላት።

እሑድ፣ ሜይ 14

ካምላ በጠዋቱ መርከብ ሄደች። ትናንት ታንቲ ሜርል ኬክ ጋግራ ወሰደችላት፣ ሌሎቹም ተከተሏት፣ ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ። በር አልከፈተችም። ኬኩ ደረጃው ላይ ዋለ።

እኔ አልሄድኩም። ምን ይዤ?

ቅዳሜ፣ ጁን 3

ዝናብ ገባ። አዶልፈስ መጣ።

ከመርከብ ወርዶ መጀመሪያ መቃብሯ ዘንድ ነው የሄደው፣ ጫማው በቀይ ጭቃ ተለውሷል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፣ ጢሙ ሸብቷል። በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ቲቸር፣ መዝገቡን አንብቤዋለሁ። ኮንስታብሉ ሰጠኝ። ለጥል አይደለም የመጣሁት። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር ወይ? እሱን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። እኔ ከደወልኩላት አራት ወር ሆኖኝ ነበር።»

«ደስ ብሏት ነበር» አልኩት። «ሳቀች። በዓይኗ ጠቀሰችኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሊነሳ ነበር። ባርኔጣውን አነሳ። ቢሄድ ኖሮ በቃ፣ አብቅቶ ነበር። መዝገቡ ተዘግቷል፣ ብይኑ ተሰጥቷል። «ፈርቼ» ብዬአለሁ፣ ሰውም አሳፋሪ ግን ለመረዳት የሚቻል ነገር አድርጎ ወስዶታል፦ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ጥርጣሬ ያዘው፣ መጣል አሳዘነው፣ ሰጠ...

«አዶልፈስ፣ ተቀመጥ» አልኩት።

ተቀመጠ።

«ለራሴ የቀረውን ያልጣልኩት ለምን እንደሆነ መዝገቡ ላይ የለም። ጠብቄ ነው። እናትህ በልታ ካደረች፣ በማግሥቱ ምንም ካልሆነች፣ እኔ ልበላ። ቅዳሜ ማታ ስተኛ ያሰብኩት እሱን ነው። ነገ ጠዋት ኢስሜይ በረንዳዋ ላይ ወጥታ ካየኋት አበስለዋለሁ ብዬ ነው የተኛሁት።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል።

«ይህን ለኮሮነሯ ነግረዋታል?»

«አልጠየቀችኝም።»

«እኔም አልጠየቅኩዎትም» አለ።

የተናገረው ይኸው ነው። ዝናቡ ውስጥ ገባ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያደርግ። ይቅርታ ይሁን፣ እርግማን ይሁን አላወቅኩም። ምናልባት ሁለቱም አይደለም።

ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወረድኩ። ኮንስታብል ፒቮት ብቻውን ነበር፣ ብስኩት እየበላ። የምስክርነት ቃሌ ላይ የምጨምረው አለኝ አልኩት።

«መዝገቡ ተዘግቷል እኮ፣ ቲቸር።»

«ይጻፍና ለኮሮነሯ ይላክላት።»

«ማንም አልጠየቀዎትም። ለምን በራስዎ ላይ?...»

«ጻፍ፣ ልጄ።»

እጁን ጠራርጎ ወረቀት አወጣ። ተናገርኩ፣ ጻፈ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «እንዲህ ነው ያሉት? በትክክል?» አለኝ። በትክክል አልኩት። ከዚያ በኋላ እስኪጨርስ ዓይኔን አላየኝም።

አነበብኩት። ሁለት ቦታ ፊደል ተሳስቷል። አላረምኩትም። ፈረምኩ።